ለአረጋውያን ወላጆች የሚሆን መታጠቢያ ቤትና የነጋዴው ድርሻ
የኮሶዬን ደጋ ምሳሌ በማድረግ የቀረበ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ኮሶዬን ያገኛል። ስፍራው ብርድ የጸናበት ደጋ ነው፤ በአንድ ወገን ገደሉ ወደ ቆላው ቁልቁል ይወርዳል፤ በሌላው ወገን የገብስ ማሳና የበግ መሰማሪያ ተዘርግቶ ይታያል። አገር ጎብኚዎች የገደሉን ግርማና የጭላዳውን መንጋ ለማየት ይመጣሉ። ነጋዴው ግን ደጋውን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው፤ ከደጋው ገብስና በግ ወደ ጎንደር ገበያ ይወርዳል፤ ከጎንደርም ጨው፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ፣ ምስማርና የፕላስቲክ ዕቃ ወደ ደጋው ይወጣል።

ከሸቀጡ ጋር ሰውም ይወርዳል። ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አባትና እናት በአገራቸው ይቀራሉ። ልጅም ደመወዝ ከሚቀበልበት ወይም ሱቅ ከከፈተበት ቦታ ሆኖ ዘይት፣ ስኳርና ቡና፣ ለበዓልም ጋቢ ይልካል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም አንድ አረጋዊ ብዙ ዓመት ያቆዩትን ጤና በአንድ ሌሊት ሊያሳጣቸው የሚችለው ነገር የምግብ ወይም የልብስ እጦት ብቻ አይደለም። ገላቸውን በሚታጠቡበት ስፍራና ወደ መጸዳጃ በሚመላለሱበት ጥቂት እርምጃ ላይ የሚደርስ መውደቅም ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያስብ ቤተሰብ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ የወላጆቹን መታጠቢያና መጸዳጃ ከአደጋ ለመጠበቅ ምን ያህል ዕቃ እንደሚበቃው ማሳየት ነው። ከዚያም በዚህ ጉዳይ የአስመጪውና የባለሱቁ ድርሻ የቱ እንደ ሆነ ይገለጻል።

መውደቅ የሚያስከትለው ጉዳት

የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ እንደ ተመለከተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህ መካከል ከመቶው 80 በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ለሞት ባያደርስም ሕክምና የሚያስፈልገው ብርቱ ጉዳት የሚያስከትል መውደቅ ደግሞ በየዓመቱ 37.3 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይደርሳል። በመውደቅ ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር የእግር ጡንቻ ይደክማል፤ ዐይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ቶሎ አይለምድም፤ ከተኙበት ወይም ከተቀመጡበት በድንገት ሲነሡ የደም ግፊት ዝቅ ይልና ራስ ይዞራል። አጥንትም ይሳሳል፤ ይህም በሴቶች ላይ ይበረታል። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ አዳልጦት ቢወድቅ ልብሱን አራግፎ ይነሣል፤ አንዲት የ75 ዓመት እናት ግን በዚያው አወዳደቅ የዳሌያቸው አጥንት ሊሰበር ይችላል። እንዲህ ያለው ስብራት ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ያለ ሕክምና ተኝቶ መቅረት ደግሞ የሳምባ ምችና የመኝታ ቁስል ያመጣል።

በኮሶዬ ለሚኖር ሰው ሕክምናው የሚገኘው ጎንደር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉም በዚያው ከተማ ይገኛል። ርቀቱ በቁጥር ሲታይ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ዳሌው የተሰበረ ሰው በወሳንሳ እስከ መንገድ ተሸክሞ ማድረስ፣ መኪና መጠበቅ፣ አስታማሚ ማቆም፣ ለአስታማሚውም ማደሪያና ስንቅ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ሲያጋጥም ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ወጪውም ከበግ ሽያጭ አልፎ እስከ እርሻ በሬ ሽያጭ ሊደርስ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝለትም።

አደጋው በየት በኩል ይመጣል?

በደጋው ብዙ ቤት መታጠቢያና መጸዳጃ በአንድ ጣሪያ ሥር አይገኙም። መጸዳጃው ከቤት ራቅ ብሎ በጓሮ ይቆፈራል፤ መታጠቢያው ግን በቤቱ ጥግ ወይም ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮና በማዳበሪያ ከረጢት በተጋረደ ስፍራ ይሆናል። ስለዚህ «መታጠቢያ ቤት» ሲባል አንድን ክፍል ብቻ ማሰብ አይበቃም። ከአልጋው አንሥቶ እስከ መታጠቢያውና እስከ መጸዳጃው ያለው መንገድ ሁሉ የዚሁ ጉዳይ ክፍል ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አምስት አደጋዎች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ክረምት በገባ ጊዜ የሚረጥበው ጭቃና የሳሙና ውሃ የፈሰሰበት ወለል ነው። ሁለተኛው፣ በእጅ የሚያዝ ነገር አለመኖሩ ነው፤ ቁጢጥ ብለው ለመነሣት የተቸገሩ አዛውንት የበሩን ሳንቃ ወይም የተንጠለጠለ ልብስ ይይዛሉ፤ ያም አብሯቸው ይመጣል። ሦስተኛው ጨለማ ነው። አራተኛው ብርዱን ለማስታገሥ የሚገባ የፈላ ውሃና የከሰል እሳት ነው። አምስተኛው ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ነው፤ ሰው ወድቆ በሩ ላይ ከተጋደመ ከውጭ ያለው ረዳት ገፍቶ ሊገባ አይችልም።

ከእነዚህ መካከል ገንዘብ ሳያስወጡ የሚታረሙ አሉ። የበሩን ማጠፊያ ነቅሎ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ፣ የውስጡን መቀርቀሪያ ከውጭም ሊከፈት በሚችል የገመድ ማሰሪያ መለወጥ፣ በመተላለፊያው ላይ የተከመረውን እንጨትና ዕቃ ማንሣት፣ የተሠነጠቀውን ድንጋይ ማስተካከል የአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ናቸው። ከበሩ እስከ መጸዳጃው ያለው መንገድ ተዳፋት ከሆነ እያንዳንዱ የድንጋይ ደረጃ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ከፍታ ይኑረው፤ የደረጃውም ጠርዝ በኖራ ይቀባ። ነጩ መስመር ለደከመ ዐይን እግር የሚቆምበትን ያመለክታል።

የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይዝም

በውጭ አገር ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ምክር ሁሉ የሚጀምረው በግድግዳ ላይ ከሚታሠር የብረት መደገፊያ ነው። ምክሩ ለድንጋይና ለብሎኬት ቤት ትክክል ነው። የኮሶዬ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ እንጨት ቆሞለት በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው። በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ በብሎን የታሠረ መደገፊያ በመጀመሪያው ቀን የጠና ይመስላል፤ የአንድ አረጋዊ ሙሉ ክብደት ባረፈበት ቀን ግን ከነጭቃው ተነቅሎ ይወድቃል። ደካማ መደገፊያ ከመደገፊያ እጦት የከፋ ነው፤ ሰውየው በእርሱ ተማምኖ ሰውነቱን ይጥልበታልና።

ስለዚህ በጭቃ ቤት መደገፊያው በግድግዳ ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ መቆም ይገባዋል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ውፍረታቸው ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ተልጠው ይደርቃሉ። መሬት የሚገባው ጫፋቸው ምስጥና እርጥበት እንዳይበላው በእሳት ይለበለባል ወይም ሬንጅ ይቀባል። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ምሰሶው ከቆመ በኋላ ዙሪያው በድንጋይና በሲሚንቶ ይሞላል። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከልም መያዣው አግድም ይታሠራል፤ ከወለሉ ያለው ከፍታ ከ84 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በሌሎች አገሮች ከተፈተነው ልክ ጋር ይስማማል። ሆኖም ዋናው መለኪያ የወላጁ ቁመት ነው፤ ቆመው እጃቸውን ሲዘረጉ ክርናቸው በጥቂቱ ታጥፎ የሚይዙት ከፍታ ለእርሳቸው ትክክለኛው ነው።

የመያዣው ውፍረት የሚናቅ ነገር አይደለም። እጅ በሚገባ ጨብጦ የሚይዘው ከ32 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። በንግድ ስሙ የ1 ኢንች የሚባለው ጋልቫናይዝድ የብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 33 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ለዚህ ሥራ ይስማማል። የግማሽ ኢንቹ 21 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ይቀጥናል፤ የ2 ኢንቹ ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በአረጋዊ እጅ አይጨበጥም። በመያዣውና በግድግዳው መካከል ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይተዋል፤ ከዚያ ከሰፋ ክንድ ሾልኮ ሊሰነቀር ይችላል።

ቧንቧ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። ተልጦና ተልጎ ለስልሶ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት የቧንቧውን ሥራ ይሠራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭም እንደ ብረት እጅን አያቀዘቅዝም። መያዣው እንጨትም ሆነ ብረት የሚታሠረው በምስማር ሳይሆን ምሰሶውን ተሻግሮ በሚያልፍ ብሎን ነው። የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለው መደገፊያ 113 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሸከም ያዝዛል። በቤት የሚደረገው ፈተናም ቀላል ነው፤ ወላጅ ከመያዛቸው በፊት አንድ ጎልማሳ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይንጠልጠልበት።

ወለልና መቀመጫ

የጭቃው ወለል በሲሚንቶ ሲለወጥ ብዙ ሰው የሚመርጠው ሊሾ ነው። ሊሾ ለእንግዳ ክፍል ያምራል፤ ለመታጠቢያ ግን ሳሙና ሲነካው እንደ በረዶ ያዳልጣል። የመታጠቢያ ወለል ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጭሮ ሻካራ ሆኖ መቅረት አለበት። ውሃውም እንዳያቁር በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መፍሰሻው ያዘንብላል። ከተሠራም በኋላ ለ7 ቀን ያህል እርጥብ ጆንያ እየለበሰ ውሃ ይጠጣል፤ ይህ ካልተደረገ ቶሎ ይሠነጠቃል።

የዕቃው መጠን ሲታሰብ ወጪው ከሚፈራው ያነሰ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና አራት እጅ ጠጠር ሲደባለቅ 50 ኪሎ ግራም የሚይዘው አንድ ከረጢት በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 3 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መታጠቢያ 1.44 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዱ ከረጢት ወለሉን ሸፍኖ የሁለቱን ምሰሶዎች ጉድጓድ ከድንጋይ ጋር ለመሙላት ይተርፋል።

ቁሞ መታጠብ ለደከመ ሰው አይገባም። የአገራችን ቤት ለዚህ የሚሆን መፍትሔ ከጥንት ጀምሮ አለው፤ እርሱም መደብ ነው። በመታጠቢያው ጥግ ከድንጋይ የተሠራ፣ ላዩ በሻካራ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወርዱ 50 ጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ አይናወጥም፤ አይሰበርም፤ አይገለበጥም። ከፍታውን ለመወሰን ወላጁን በወንበር አስቀምጦ ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው እጥፋት መለካት ነው። ከዚያ ካነሰ መነሣት ይቸግራል፤ ከበለጠ እግር አይረግጥም። የውሃው ባልዲም መሬት ላይ ሳይሆን ሳይጎነበሱ በሚደርሱበት ከፍታ ላይ ይቀመጣል። ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን አረጋዊ ሰው ሊያነሣው አይገባም፤ በባለ 5 ሊትር ጀሪካንና በጣሳ መጠቀም ይሻላል።

ለመጸዳጃው ጉድጓድ ደግሞ አናጢ የሚሠራው መካከሉ ክፍት የሆነ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ የተዘረጉ፣ ክንድ ያለው የእንጨት መቀመጫ በጉድጓዱ ላይ ይደረጋል። ከሥሩ ያለው ወለል ጭቃ ከሆነ እግሩ ስለሚሰምጥ በሲሚንቶ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መቆም አለበት። ሌሊት ሌሊት ግን ከሁሉ የሚሻለው አለመውጣት ነው። ያው ዐይነት መቀመጫ ክዳን ካለው ባልዲና ከጥቂት ዐመድ ጋር በአልጋው አጠገብ ቢቀመጥ በውርጭና በጨለማ የሚደረገው ጉዞ ይቀራል። ጠዋት ባልዲውን የሚደፋና የሚያጥብ ሰው ግን አስቀድሞ መመደብ አለበት።

ውሃ፣ እሳትና ብርሃን

በኮሶዬ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በ5 ሰኮንድ ያህል ብርቱ ቃጠሎ ያደርሳል። የአረጋውያን ቆዳ ስስ ነው፤ ሙቀቱንም ዘግይቶ ይሰማዋል። ስለዚህ በሳፋው ውስጥ ሁልጊዜ አስቀድሞ ቀዝቃዛው ውሃ ይገባል፤ የፈላውም በላዩ እየተጨመረ በክርን ይፈተናል። የፈላው ማንቆርቆሪያም ከመታጠቢያው ውጭ ይቆያል።

የከሰል ምድጃ ከፍላ ውሃ የባሰ አደጋ አለው። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፤ ይደክመዋል፤ ከዚያም ሳያውቅ ይወድቃል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ክፍሉን ማሞቅ የሚፈልግ ቤተሰብ በሩን ከፍቶ አስቀድሞ ያሙቀው፤ ወላጅ ከመግባታቸው በፊትም ምድጃው ይውጣ። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን ሰዓቱን መምረጥ ነው። ፀሐይ በበረታችበት በእኩለ ቀን ገደማ የሚታጠብ ሰው ምድጃም መብራትም አያስፈልገውም። በጾም ቀን ሳይቀምሱ ከመታጠብ ግን ከቀመሱ በኋላ መታጠብ ራስ እንዳይዞር ይረዳል።

ለሌሊት የሚያገለግለው መብራት በእጅ የሚያዝ መሆን የለበትም፤ አንደኛው እጅ ከዘራ ሁለተኛው መያዣ ስለሚይዝ ለፋኖስ የሚተርፍ እጅ የለም። በፀሐይ ኀይል የሚሠራ አነስተኛ መብራት ከአልጋው አጠገብ አንድ፣ በመጸዳጃው በር ላይ አንድ ቢሰቀል ለመላው መንገድ ይበቃል።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

ከላይ የተዘረዘረው ዕቃ ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ቧንቧ፣ ጥቂት ብሎኖች፣ ሁለት ምሰሶና ሁለት መብራት ነው። የቧንቧው አንዱ ሜትር ከመደቡ አጠገብ በአግድም፣ ግማሹ ሜትር በበሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ በቁም ይታሠራል። ድኻውን የሚያስቸግረው የዕቃው ብዛት ሳይሆን ዕቃው የሚሸጥበት መጠን ነው። ቧንቧ ወደ ገበያ የሚመጣው በ6 ሜትር ቁመት ነው። አንድ ሜትር ተኩል ለሚያስፈልገው ሰው ሙሉውን ግዛ ማለት ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ክፈል ማለት ነው። ያው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ባለሱቁም ሳይሸጥ ይቀራል። አንድ መጋዝና አንድ ሞረድ ያለው ባለሱቅ ግን አንዱን ቧንቧ ለአራት ቤት ይሸጣል፤ የመቁረጫ ዋጋውንም በአግባቡ ይጨምራል። የተቆረጠው ጫፍ እጅ እንዳይቆርጥ መሞረድ ግን የሻጩ ግዴታ ነው።

ይህ ነገር በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከባድ ትርጉም አለው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሲጨምር ትንሹ ገዢ አስቀድሞ ከገበያው ይወጣል። እርሱን በገበያው ውስጥ ለማቆየት የሚቻለው በትንሽ መጠን በመሸጥና በአገር ውስጥ የሚሠራውን በመምረጥ ነው። የእንጨት መቀመጫው ለአናጢው፣ የምሰሶ ማቀፊያው ለብየዳ ቤቱ ሥራ ይሰጣል፤ ዶላርም አይጠይቅም።

አስመጪው ዕቃ ሲመርጥ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። የወለል ሴራሚክ ሲያዝ የማዳለጥ ደረጃውን ይጠይቅ። በጀርመን የፍተሻ ደንብ በባዶ እግር ለሚረገጥ እርጥብ ወለል የሚሰጠው ደረጃ «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ሲሆን ለገላ መታጠቢያ የሚስማማው ከ«ቢ» ጀምሮ ያለው ነው። የሚያብለጨልጨው ሴራሚክ በሱቅ መስኮት ደንበኛ ይስባል፤ በመታጠቢያ ውስጥ ግን ደንበኛውን ይጥላል።

በአየር መምጠጫ የሚጣበቁ የላስቲክ ምንጣፎች በለሰለሰ ወለል ላይ እንጂ በሻካራ ሲሚንቶ ላይ አይጣበቁም። እንደዚሁም በመምጠጫ የሚለጠፉ የፕላስቲክ መያዣዎች የሰውን ክብደት እንዲሸከሙ ተብለው መሸጥ የለባቸውም፤ በጭቃ ግድግዳ ላይማ ጭራሽ አይለጠፉም። የፎጣ መስቀያም መደገፊያ አይደለም። ቀጭኑ የፕላስቲክ ወንበር በእርጥብ ወለል ላይ እግሩ ይከፈታል፤ መካከሉ ከተቆረጠ ደግሞ ጥንካሬው ይጠፋል። ገዢው ለምን ሥራ እንደሚገዛ የሚጠይቅና «ይህ ለዚያ አይሆንዎትም» ብሎ የሚመልስ ባለሱቅ የዚያን ቀን አንድ ሽያጭ ያጣል፤ የዚያን ቤተሰብ እምነት ግን ለብዙ ዓመት ያገኛል።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ርካሽ ዕቃዎችም አሉ። የከዘራ ጫፍ የሚለብሰው ጎማ፣ ከተረከዙ በኩል ማሰሪያ ያለው የፕላስቲክ ጫማ፣ ለመቀርቀሪያ የሚሆን ገመድ፣ በኪሎ የሚመዘን ኖራ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የከዘራው ጎማ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ጎማ የሌለው ከዘራ ከሰውየው ቀድሞ ይንሸራተታል።

ሕጉ፣ ደቦውና እድሩ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። የአገሪቱ የሕንፃ አዋጅ ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጓል። የሆቴልና የሱቅ ሕንፃ የሚያሠሩ ነጋዴዎች ይህን ድንጋጌ ማክበር ይኖርባቸዋል። ይሁን እንጂ አዋጁ በኮሶዬ ጓሮ ወደሚገኘው መጸዳጃ አይደርስም። እዚያ የሚደርሱት ልጅ፣ ጎረቤትና ዕቃ ሻጭ ናቸው።

ጉልበቱን በሚመለከት የአገሩ ልማድ ይበቃል። አዝመራን በደቦና በወንፈል የሚሰበስብ ሕዝብ ሁለት ምሰሶ ለመትከልና ወለል ለመለሰን ሠራተኛ አይቸግረውም፤ ለምሳና ለጠላ የሚሆን ካለ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ገንዘቡን በሚመለከት ደግሞ እድሮች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። እድር አባሉ ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ያቀርባል፤ ለቤተሰቡም ገንዘብ ይሰጣል። ከዚያው ገንዘብ ጥቂቱ አባሉ በሕይወት ሳለ ለሲሚንቶና ለቧንቧ መግዣ በብድር ቢሰጥ የእድሩን ዓላማ አያፈርስም። ባለሱቁም በእድሩ ዋስትና ዕቃውን በዱቤ ቢሰጥ ገንዘቡ የሚጠፋበት መንገድ ጠባብ ነው።

የወላጁ ፈቃድ

በመጨረሻ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ገላ መታጠብና መጸዳዳት ሰው ከልጆቹ እንኳ የሚሰውረው ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲመሩ የኖሩ አባት ከከተማ የመጣ ልጅ ድንገት «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ይቀመጡ» ቢላቸው እንደ ውርደት ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ መደቡም ሳይቀመጡበት የጀሪካን ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። ነገሩን በምክር መልክ ማቅረብ ይገባል። «አባባ፣ መደቡን በየት በኩል ብናደርገው ይሻላል ይላሉ? አንቱ ይዘዙንና እኛ እንሥራው» የሚል ልጅ ፈቃዳቸውን ያገኛል። መያዣው ለአንድ ደካማ ሰው ብቻ የተሠራ ሳይሆን ለእንግዳም፣ ላረገዘችው ምራትም፣ ለትንንሾቹም የሚያገለግል መሆኑን መንገርም ሐሰት የለበትም፤ በእርግጥም ለሁሉም ይጠቅማልና።

እናት ከሆኑ ደግሞ ሴት ልጅ ወይም ምራት እንድትለካ፣ እንድትጠይቅ ማድረግ ይገባል። ሲታጠቡ ብቻቸውን መሆን የሚመርጡ እንደ ሆነ ፈቃዳቸው ይጠበቅ፤ በአጠገባቸው ግን መትተው የሚጠሩበት አንድ ጣሳና ዱላ ይቀመጥ፤ ከበሩም ውጭ ሰው አይጥፋ።

እንግዲህ ለወላጁ ስኳርና ጋቢ የሚልክ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ከጭነቱ ጋር አንድ ከረጢት ሲሚንቶና አንድ ሜትር ተኩል ቧንቧ ይጨምር። ወደ ደጋው ዕቃ የሚያወጣ ነጋዴም ቧንቧውን ቆርጦ፣ ጫፉን ሞርዶ፣ ልኩን በአማርኛ ጽፎ ያዘጋጅለት። ሥራው ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢፈጸም ወለሉ በቂ ጊዜ አግኝቶ ይጠነክራል፤ ዝናቡም ጭቃውን ሳያነሣ ወላጆች የሚይዙት ነገር ያገኛሉ።